ምትኬ ውበቱ ገብታለች

እህቴ በውኃ ተከባ ሳለ እኔ ትምህርት ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዳቦ በሻይ በላሁ። ርቦኝ ነበር፤ ግን ያስበላኝ ረኃቡ ሳይሆን የልቤ ማረፍ ነው። ልቤን ያሳረፈው ደግሞ ላፕቶፕ ላይ የተጻፈ አንድ ቃል ነበር፤ "ገብታለች" የሚል።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ስሜ አንተነህ ነው። ወረታ ውስጥ፣ መንገዱ ወደ ደብረ ታቦር ከሚታጠፍበት አለፍ ብሎ፣ አንዲት የኪራይ ክፍል ነበረችኝ። እንጀራዬ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ምኞቴ ግጥም። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። የገበያተኛ ንግግር እየሰረቅሁ፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ እያነበብሁ፣ ቃል ሳገላብጥ ነው ያደግሁት። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ስለ ማሽን የማውቀው ወረቀት ሲነክስ እንዴት እንደሚላቀቅ ብቻ ነበር።

ምትኬ ታላቄ ናት። ከእርሷ በፊት የተወለደችው ልጅ ገና በሕፃንነቷ ሞታለች፤ ስለዚህ ቀጥላ የመጣችውን ምትኬ አሏት። በእኛ አገር ይህ ያለ ነው። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባል ሰው ካጋጠማችሁ ከስሙ በስተኋላ አንድ የተቀበረ ሕፃን ሊኖር እንደሚችል ጠርጥሩ። እናታችን አንዳንድ ጊዜ "ምትኬ!" ብላ ትጣራና እህቴ "አቤት" ስትል ዓይኗ እህቴን አልፎ ሌላ ሰው ይፈልጋል። እኔ አይቻለሁ። እህቴም ታውቀዋለች።

በዚያ ክረምት ምትኬ እርጉዝ ነበረች፤ ወሯም ገብቷል። ያገባችው ሜዳው መካከል፣ ሩዝ ከሚዘራበት ረባዳ መሬት ላይ ነው። ባሏ ውኃው ሳይተኛ ብሎ ከብቱን እየነዳ ወደ ከፍታው ወጥቷል። ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ከዳርቻው ወጣ። ፎገራ ውኃ አዲሱ አይደለም፤ የዚያን ጊዜው ግን ቀን አልሰጠም። ስልኳን ብደውል አይሠራም። ጀልባዎች ሰው እያወጡ ወረታ ወዳለው ትምህርት ቤት ያመጣሉ ሲባል ሰምቼ ማለዳ ሮጥሁ።

በሩ ላይ ላፕቶፑን ከተማሪ ዴስክ ላይ አስቀምጦ የተቀመጠው ይበልጣል ነበር። አብሮ አደጌ ነው፤ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ይማራል፣ ለክረምት መጥቶ ነው ጎርፉ ያገኘው። የየጎጡን ሽማግሌዎች ጠርቶ የነዋሪውን ስም አስነግሮ አስገብቷል። ጀልባ ሰው ባመጣ ቁጥር ስሙን ይጽፋል፤ ማሽኑ "ገብቷል" ይላል። ያልገባው ስም ተመልሶ ለጀልባ ነጂዎች ይሰጣል። ፕሮግራሙን የጻፈው ራሱ ነው።

"ይበልጥ፣ እህቴን እይልኝ" አልሁት።

"ምትኬ... ውበቱ..." ጣቶቹ ሮጡ። "ገብታለች። አረንጓዴ ናት፣ አየህ?"

አየሁ። አረንጓዴ ናት። እግዜር ይስጥህ ብዬ ትከሻውን መታሁትና የሌላ ሰው ዕቃ ወደ መሸከም ሄድሁ። ሽማግሌ ደገፍሁ፣ ፍየል ጎተትሁ። ደክማ ተኝታለች፣ ትረፍ፣ ኋላ አገኛታለሁ አልሁ። ዳቦውን የበላሁት ያን ጊዜ ነው።

ኋላ ፈለግኋት። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ የለችም። ሁለተኛው ውስጥ እርጥብ ልብስ በየወንበሩ ተሰጥቶ፣ ዶሮ በእግሯ ታስራ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ትንጫጫለች፤ እህቴ የለችም። ነፍሰ ጡር አይታችኋል? ስል አንዷ "ኸረ ስንቱን እንይ ልጅየ" ትላለች፣ ሌላዋ "ወዲያ ማዶ ያሉትን ጠይቅ" ትላለች። ማዶ ያሉት ወዲህ ይልኩኛል። ክፍሎቹ ሲያልቁ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ሁለተኛውን ዙር የዞርሁት እየሮጥሁ ነበር።

የድምፅ ማጉያውን ከአንድ አስተማሪ ለመንሁ።

"ምትኬ ውበቱ! ምትኬ ውበቱ! ወንድምሽ በር ላይ ነው!"

ከጥግ አንዲት አሮጊት በምርኩዛቸው ተነሡ። "ወንድሜ? ልጄ፣ የኔ ወንድሞች ካለፉ ቆዩ። ሙታን ናቸው የሚፈልጉኝ?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

"እማማ፣ ስምዎ ማን ነው?"

"ምትኬ ነዋ።"

"የአባትዎስ?"

"ውበቱ። አሁን አንተው አልነበርህም የጠራኸኝ?"

ቀበሌያቸውን ጠየቅኋቸው። የእህቴ ቀበሌ ነው፤ ጎጡ ብቻ ይለያል። በሞተች እህታቸው ምትክ እንደተወለዱም ነገሩኝ፤ እኔ ግን ግማሹን አልሰማሁም።

"ምን ሁነህ ነው ፊትህ አመድ የመሰለው?" አሉኝ።

እጃቸውን ይዤ ወደ ይበልጣል ወሰድኋቸው። "ምትኬ ውበቱ ማለት እኒህ ናቸው" አልሁት። "የኔዋስ?"

ይበልጣል አንዴ እርሳቸውን አንዴ ማሽኑን አየ። ከዚያ የስሞቹን ገጽ ዘግቶ ሌላ ገጽ ከፈተ፤ እርሱ የጻፈውን ትእዛዝ የያዘውን። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ሲያነብ አየሁትና ፈራሁ። ይበልጣል ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው ሲጨነቅ ነው።

"ማሽኑ ሁለት ሰው አንድ መሆኑን በምን ያውቃል?" አልሁት።

"እኔ ነኝ የነገርሁት። ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ። ሦስቱ ከገጠሙ 'እኩል ናቸው፣ አንድ ሰው ነው' በል አልሁት። ሽማግሌዎቹ አንዱን ሰው ደጋግመው ይጠሩት ነበር። ድግግሞሹ እንዲወድቅ ብዬ ነው።"

"እህቴ ድግግሞሽ ናት?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለ፤ "ማሽን ሁለት ነገር ሊጠየቅ ይችላል። አንዱ 'ውስጣቸው ያለው ይመሳሰላል ወይ?' ነው። ሌላው 'ይህ ራሱ ያ ነው ወይ?' ነው። እኔ መጠየቅ የነበረብኝን ትቼ የሚመስለውን ጠየቅሁ። መጀመሪያ እማማ ተመዘገቡ። የእህትህ ስም ሲመጣ 'ይህችማ አለች' ብሎ ጣላት።"

"መቼ?"

"ስሞቹን ስናስገባ። ከጎርፉ ሰው ማውጣት ሳይጀመር። ማሽኑ ውስጥ አልነበረችም፣ አንተነህ።"

ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳያስረዱት ይገባዋል። አንድ ቃል ሁለት ቤት አለው፤ ድምፁ አንድ ስለሆነ ነገሩ አንድ ነው የሚል ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን ይጥላል። እኔ ይህን በቃል ስጫወትበት ኖሬያለሁ። በሰው ሲሆን ግን አላወቅሁትም። ወደ ጀልባዎቹ ሮጥሁ።

ጀልባዎቹን የሚያዙት ጋሽ ዘውዱ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ውኃው ዳር ቆመው ገመድ ያስጠቀልሉ ነበር። ትልቁ ጀልባ ወደ ሌላ ቀበሌ ተልኳል። የቀረው የአያ ደርሶ ጀልባ ነው፤ እርሱንም ወደ ደረቅ መሬት ሊጎትቱት ነው። ሰማዩ ከጣና በኩል ጠቁሯል፤ ቀኑም ዘምሟል።

"ያ ቀበሌ አልቋል" አሉኝ ጋሽ ዘውዱ። "ማሽኑ አንድም አልቀረም ብሏል።"

"ማሽኑ ተሳስቷል።"

"ጧት አረንጓዴ ናት ብለህ ስትፈነጥዝ አላየሁህም? ጧት እውነተኛ፣ ማታ ውሸተኛ? በጨለማ ሰው ልኬ ሌላ ሰው ላስበላ? ማንን ልመን?"

ተከትለውኝ የመጡት እማማ ምትኬ ምርኩዛቸውን ጭቃ ላይ ተከሉ። "ዘውዱ፣ እኔን እመን። እኔ አንዲት ነኝ። ሁለት ሰው ሁኜ አልመጣሁም።"

ጋሽ ዘውዱ የጀልባውን ገመድ ለቀቁት።

ይበልጣል ላፕቶፑን ደረቱ ላይ ታቅፎ እየሮጠ መጣ። ማወዳደሪያውን አስተካክሎ የወደቁትን ስሞች መልሶ አስገብቷቸዋል። እንደ እህቴ የወደቁ ጥቂት ሌሎች ስሞችም ወጥተው ነበር፤ አስተማሪዎቹ በየክፍሉ እየጠሩ ሁሉንም አገኟቸው። ያልተገኘችው የኔዋ ብቻ ናት።

"ጀልባው የሚጠጋበትን ይኸው ይላል" አለና አነበበ። "ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ፣ በምሥራቅ በኩል።"

"አውቀዋለሁ" አለ አያ ደርሶ። ዕድሜው የገፋ፣ ጥርሱ የወላለቀ፣ ቀልድ የማይነጥፍበት ሰው ነው። ሞተሩን ሁለቴ ስቦ አስነሣ። እኔም ዘልዬ ገባሁ። ጀልባው ከዳሩ ሲላቀቅ ግን ጆሮዬን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጉብታ። ቤተ ክርስቲያን።

"ቁም! አያ ደርሶ፣ ይቁሙ!"

"ምን ሁነሃል?"

"የእህቴ ጎጥ ጉብታ የለውም። ቤተ ክርስቲያንም የለውም። ዋርካ ነው ያለው፣ ዋርካና ወፍጮ ቤት። የተነበበው ከወንዙ ማዶ ያለ ጎጥ ነው።"

ጋሽ ዘውዱ ከዳር ጮኹ። "አሁንም ማሽኑ ተሳሳተ ልትለኝ ነው?"

ሁሉም ይበልጣልን አየው። ይበልጣል ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብሎ እንደገና ያን ገጽ ከፈተ። ያቺ ጊዜ ረዘመችብኝ። አያ ደርሶ ሞተሩን አላጠፋም፤ ዓይኑ ደመናው ላይ ነው።

"ልክ ነህ" አለ ይበልጣል። "አንድ ጎጥ ሲያልቅ ከማሽኑ ትውስታ አጠፋዋለሁ። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፣ እንዳይጨናነቅ ብዬ። እኔ በጻፍሁበት ቋንቋ መያዙም መልቀቁም የጸሐፊው ነው፤ ከኋላ የሚጠብቅህ የለም። ቦታውን ለቀቅሁት፤ ማሽኑ ለሌላ ጎጥ ሰጠው። ከእህትህ ስም ወደ ጎጧ የሚያመለክተው ጠቋሚ ግን አልተነሣም። ያንኑ የድሮውን ቦታ ያሳያል።"

"ተከራይ የለቀቀው ቤት" አልሁ።

"አዎ። በሩን ብታንኳኳ 'አቤት' የሚል አለ፤ የፈለግኸው ሰው ግን አይደለም። 'የለም' ቢለኝ ኖሮ እደነግጥ ነበር። የጎዳን ትክክል የሚመስል መልስ መስጠቱ ነው።"

የእናቴ ዓይን ታየኝ። የጠራችው ሌላ፣ አቤት ያለው ሌላ።

"ምሩኝ እንጅ!" አለ አያ ደርሶ። "ቋንቋውን በኋላ ትማማራላችሁ። ማነህ፣ ባለ ዋርካው፣ ፊት ተቀመጥ!"

ፊት ተቀመጥሁ። መንገድ የምታውቁት በእግራችሁ ከሆነ መንገዱ ሲጠፋ አገሩም ይጠፋል። ሩዙ፣ አጥሩ፣ ገብቼ የወጣሁበት ቀጭን መንገድ፣ ሁሉ አንድ ቡናማ ነገር ሆኗል። የባሕር ዛፉን ረድፍ በግራ፣ የርቡን ድምፅ በቀኝ እያደረግሁ በግምት መራሁት። አንዴ ሞተሩ ላይ ሣር ተጠመጠመና ቆምን። አያ ደርሶ እጁን እስከ ክንዱ ነክሮ እየፈታ፣ "ይበልጣል የሚባል ሰው ስለ እኩል ምን ሊያውቅ ኖሯል?" አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። ሳቅ መሳይ ነገር ከአፌ ወጣ።

ዝናቡ ጀመረ። ዋርካው ታየ፤ ግንዱ ሳይሆን አናቱ። የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ከውኃው ጋር እኩል ሆኗል። ከዚያ ወዲያ፣ ጎጡ ጠርዝ ላይ፣ የእህቴ ቤት መቆም ነበረበት። የለም። ያዘመመ ክዳን ብቻ ነው ያለው።

"ጥራት እንጅ!" አለ አያ ደርሶ።

"ምትኬ!" ብዬ ጮኽሁ። በሕይወቴ ይህ ስም እንደዚያ አልከዳኝም። ስንት ሰው የሚጠራበት፣ ስንት ሰው "አቤት" የሚልበት ስም ነው? የኔዋ ብቻ የምትሰማው ስም አጣሁ። "እታለም!" አልሁ፤ ልጅ ሳለሁ የምጠራት በዚህ ነበር። "እታለም!"

ከጎተራው ጀርባ፣ ከጭድ ክምሩ ላይ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"አንተነህ?"

አያ ደርሶ ዞሮ አየኝ። "ስምህን ነው የጠራች፣ ወይስ አንተ ነህ ወይ እያለችህ ነው?"

"ሁለቱንም" አልሁ፤ ዕንባዬ ከዝናቡ ጋር ተቀላቀለ።

ፕላስቲክ ተከናንባ ክምሩ አናት ላይ ተቀምጣለች፤ አንድ እጇ ሆዷ ላይ፣ አንዱ ጭዱ ውስጥ። ውኃው የክምሩን እግር እየበላው ወደ አንድ ጎን ተጋድሟል። ጀልባውን ስናስጠጋው ክምሩ ተንቀሳቀሰ፤ አያ ደርሶ "ቀስ! ቀስ በይ እናቴ፣ እንዳትዘይ፣ ተንሸራተችልኝ" አለ። ተንሸራታ እቅፌ ላይ ወደቀች። ቀዝቃዛ ነበረች። ትንቀጠቀጣለች፤ እኔም እንቀጠቀጣለሁ፤ የማን መንቀጥቀጥ የማን እንደሆነ አልለየንም። ብዙም ሳንርቅ ክምሩ ዞረ፤ ከዚያ ሰመጠ። ሦስታችንም አየነው።

ቆይቼ፣ "ጀልባ መጥቶ ነበር አይደል?" አልኋት።

"መጥቷል። ዋርካው ጋ ቁመው ስም ሲጠሩ እሰማ ነበር። እገሌ፣ እገሊት እያሉ። በተራ ነው የሚወስዱት ብዬ የኔን እስኪጠሩ ጠበቅሁ።"

"ጠበቅሽ?"

"ሳይጠሩኝ ልግባ? ሰው ምን ይላል? ኋላ ሞተሩ ሲነሣ ጮኽሁ፤ ዝናቡ በላው። ጎረቤቶቼም ከባሏ ጋር ወጥታለች ብለው ይሆናል።" ቀና ብላ አየችኝ። "ለምንድን ነው ያልጠሩኝ?"

ነገርኋት። ሌላ ምትኬ ውበቱ እንዳሉ፣ ማሽኑ ሁለቱን አንድ እንዳደረገ። ትስቃለች ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ።

"እኔው ራሴ ምትክ ሁኜ ተወልጄ፣ ደግሞ ለኔም ምትክ ተገኘ? ገና ሳልሞት?"

አያ ደርሶ ጀልባውን ወደ ወረታ አቀና።

አንባቢዎቼ፣ እህቴ በሰላም ወለደች፤ ያን ጊዜ ክፉ ነገር አላገኘንም። እኔን ግን ያች ቀን ቀየረችኝ። ጎርፉ ሲጎድል ይበልጣል ዘንድ ሄጄ "አስተምረኝ" አልሁት። ዛሬ ኮድ እጽፋለሁ፤ ግጥምም እጽፋለሁ። ይበልጣል ከዚያ ወዲህ ትውስታን ራሱ በሚጠብቅ ቋንቋ ነው የሚሠራው፤ ሰው ሁሉ በማንም ዘንድ የማይደገም ቁጥር ይሰጠዋል፣ ስሙ ቢደገምም ባይደገምም። እኔ የተማርሁት ሌላ ነው። ድሮ በግጥም "ይህ ያ ነው" ማለት አይከብደኝም ነበር፤ ዓይኗን ኮከብ ነው፣ ጥርሷን ወተት ነው እያልሁ እገጥም ነበር። አሁን "ነው" የምትለዋን ትንሽ ቃል ስጽፍ እጄ ይያዛል። በምን በኩል ነው? ይመስላል ነው ወይስ ራሱ ነው? እናንተም አንድ ማሽን ወይም አንድ ቢሮ ስለምትወዱት ሰው "አለ፣ ገብቷል፣ ተቆጥሯል" ቢላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ግን ዳቦውን ከመቁረሳችሁ በፊት "የትኛው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ሄዳችሁ ፊቱን እዩ። እኔ ግማሽ ቀን ያጣሁት ይህችን ጥያቄ ባለመጠየቄ ነው፤ የእህቴም ጭድ ክምር ሌላ ግማሽ ቀን አልነበረውም።

በዚያች ማታ ከጎርፉ ስንመለስ ይበልጣል ውኃው ዳር ቆሞ ይጠብቀን ነበር። እማማ ምትኬ ከጎኑ ናቸው፤ ጋቢያቸውን አውልቀው እህቴን አለበሷት። ይበልጣል ላፕቶፑን ከፈተ።

"ስምሽን ንገሪኝ፣ እትዬ" አላት፣ ስሟን እንደማያውቅ ሰው።

"ምትኬ ውበቱ።"

ጻፈው። ማሽኑ ላይ አንድ አዲስ ጥያቄ ብቅ አለ። እኛ ሜዳው ላይ ሳለን የጨመረው ነው። እህቴ ማንበብ አትችልም፤ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲወድቅ አንገቷን አዘመመች።

"ምን ይላል?" አለችኝ።

"'ምትኬ ውበቱ የምትባል ሰው አለች። ይህች ያችው ናት?' ይላል።"

እማማ ምትኬን ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ማሽኑ ዞረች።

"አይደለሁም በለው" አለች።